ጽዋው ለዘለላቸው

ይህ ንግግር ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ቤት፣ በወርኃዊው መሰባሰባችን ላይ የተደረገ ነው። ስልክ ስለማይገባ የተቀዳ ድምፅ የለም። ከተናጋሪዋ ማስታወሻና ከሰሚዎች ትዝታ ነው የተጻፈው። የሰው ስም፣ ቀኑና ሰፈሩ ወጥተዋል።

እንደምን አመሻችሁ? ደህና ናችሁ ወይ? እግዚአብሔር ይመስገን። «አልሐምዱሊላህ» የምትሉትም ድምፃችሁ ይሰማኛል፤ ተመስገን ነው ሁሉም።

እስኪ ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩ አጠገብ ያላችሁ ልጆች፣ ብርድ ይገባችኋል፤ ወደዚህ ኑ። ከደጀን መስመር የሚመጡት ሁለቱ እህቶቻችን ዛሬ አልደረሱም። መንገዱ ተዘግቷል። አንተ ከዳንግላ የመጣኸው ወንድሜ፣ እንዴት እንደደረስክ ሰምቻለሁ። እንኳን በሰላም ገባህ። ሁላችሁንም በአንድ ክፍል ተቀምጣችሁ በማየቴ ደስ ብሎኛል። ከልቤ ነው የምላችሁ።

ልጆቹ «እትዬ፣ ዛሬ አንቺ ተናገሪ» ብለውኝ ነው የቆምኩት። ርዕስም ሰጥተውኛል፤ «እምነትና መሰባሰብ» አሉኝ። ውጭ አገር ስለዚህ ነገር ብዙ ይጻፋል። «የክዊር መንፈሳዊነት» ይሉታል፤ እንደ እኛ ተመሳሳይ ጾታ የሚወዱ ሰዎች እምነት ማለታቸው ነው። እኔ ያን ቃል አልለመድኩትም። ከእኛ በፊት የነበሩት፣ ስማቸውን እንኳ የማናውቃቸው ልጆች፣ ለራሳቸው ያወጡት ቃል አለ። «ዜጋ» አሉ። ስድቡን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እዚህ ቤት አልደግመውም። ያን ሁሉ ስድብ እየሰሙ ለራሳቸው የመረጡት ስም ግን ዜጋ ነው። አገር ያለው ሰው ማለት ነው። ማንም አላስተማራቸውም። ስለዚህ እኔም ዜጋ እላለሁ።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ከእግዚአብሔር ቤት ወጥተናል ወይ? ሁለተኛ፣ ጽዋችን ከየት መጣ? ሦስተኛ፣ አደራ። ሁለተኛው ላይ እቆይባችኋለሁ፤ ታገሡኝ።

እሺ፣ አንደኛው። ከእግዚአብሔር ቤት ወጥተናል ወይ?

የሃያ አራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ዘመዶቼ ጸበል ወሰዱኝ። የትኛው ጸበል እንደሆነ አልናገርም። ሁለት ሱባኤ ቆየሁ። ጠዋት ጠዋት ሰው ሁሉ እያየ «ማን ነህ? ከየት ገባህባት? ልቀቃት!» ይባላል። የሚያናግሩት በውስጤ አለ የሚሉትን ጋኔን ነው። እኔን ያናገረኝ ሰው አልነበረም። አስቡት እስኪ። አሥራ አራት ቀን ሙሉ ሰው ፊት ቆሜ፣ እኔን ያናገረኝ አንድ ሰው አልነበረም። በመቁጠሪያ ተመታሁ። መጨረሻ ላይ ጮኽኩላቸው። ቤቴ መሄድ ስለፈለግሁ ነው የጮኽኩት። «ለቀቃት!» ተባለ። እልል ተባለ። እናቴ በደስታ አለቀሰች።

እዚህ ውስጥ ስንቶቻችሁ እንዲህ ጮኻችኋል? እጃችሁን አታውጡ። አውቃለሁ። ጴንጤ ቤት ያደጋችሁት «በኢየሱስ ስም ውጣ» ተብሏችኋል። ሙስሊም ቤት ያደጋችሁት ሩቅያ ተቀርቶባችኋል። የሁላችንም ጩኸት አንድ ነው።

ግን ውሃው አልበደለኝም። ይህን ደግሜ እላለሁ። ውሃው አልበደለኝም። ከአለት ሥር የሚወጣ፣ አጥንት የሚሰብር ቀዝቃዛ ውሃ ነበር። አጠገቤ የሚጥል በሽታ ያለባት ልጅ ነበረች። እንዳንወድቅ እጅ ለእጅ ተያይዘን ነበር የምንጠመቀው። ያቺ ልጅ ምን አድርጌ እንደመጣሁ ጠይቃኝ አታውቅም። አሁንም ጸበል እጠጣለሁ። ቤቴ በጠርሙስ አለ።

ከእናንተ መካከል «እትዬ፣ እንዲህ አድርገውሽ አሁንም ታምኛለሽ?» የሚሉኝ አሉ። አልቆጣም። ትቶ በወጣው ላይም አልፈርድም፤ ከብዶት ነው የወጣው። እኔ ግን መልሴ ጃንደረባው ነው።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8። ቤተ ክርስቲያን ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የንግሥት ሕንደኬ ጃንደረባ፣ የገንዘቧ ሁሉ አዛዥ። ኢየሩሳሌም ሊሰግድ ሄዶ ሲመለስ ሠረገላው ላይ ሆኖ ኢሳይያስን ያነባል። ፊልጶስ ደረሰበት፣ አስተማረው፣ አጠመቀው። እንኮራበታለን። «በ34 ዓ.ም ጥምቀት አየን» እንላለን። ግን ጃንደረባ ማለት ምን ማለት ነው? ይህን ለምን ዘለን እናልፋለን? ዘዳግም 23፥1ን ክፈቱ። እንደሱ የተሰለበ ሰው ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ አይግባ ይላል። ሰውየው መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ነው። አይግባ መባሉን እያወቀ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጦ ሄደ። አይግባ ወደተባለበት ጉባኤ ሊሰግድ ሄደ!

ጃንደረባው እንደ እኛ ነበር እያልኳችሁ አይደለም። መጽሐፉ እንዲያ አይልም፤ ያላለውን አላስብለውም። በር የተዘጋበት ሰው ነበር ነው የምለው። ሲያነብ የተገኘው ኢሳይያስ 53ን ነው። ሦስት ምዕራፍ ወረድ ቢል 56 ላይ ለእሱ የተጻፈ ቃል ይጠብቀው ነበር። «ጃንደረባም፦ እነሆ፥ እኔ ደረቅ ዛፍ ነኝ አይበል» ይላል። ደረቅ ዛፍ! አላገባችም፣ አልወለደችም፣ ዘሯ ተቆረጠ የተባልሽው እህቴ፣ ይህን ስትሰሚ ምን ይልሻል? ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም እሰጣቸዋለሁ ይላል ቀጥሎ። የት? «በቤቴና በቅጥሬ ውስጥ።» ከቅጥር ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣችሁ አይደለም። በቅጥሬ ውስጥ።

ውሃ ጋ ሲደርሱ ጃንደረባው «እነሆ ውኃ፤ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» አለ። ይህ ጥያቄ የሰለጠነ ሰው ወግ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ የተከለከለ ሰው ጥያቄ ነው። ፊልጶስ ዘዳግምን ሊጠቅስለት ይችል ነበር። አልጠቀሰም። «በፍጹም ልብህ ብታምን ተፈቅዶአል» ብቻ አለው። ሁለቱም ወደ ውሃው ወረዱ። ሁለቱም!

እንግዲህ ከእግዚአብሔር ቤት ወጥተናል ወይ? እኔ አልወጣሁም። ከማኅበር ግን ወጥቻለሁ። ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

ሁለተኛው። ጽዋችን ከየት መጣ?

እናቴ የኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኛ ነበረች። ያደግሁት ከማርቆስ ወጣ ብሎ ነው። ከተማ ላደጋችሁት ልንገራችሁ። ማኅበርተኛው በየወሩ በ16 በተራ ይደግሳል። ተረኛዋ ጠላ ትጠምቃለች፣ ዳቦ ትደፋለች፣ ቄጠማ ትጎዘጉዛለች። ቄሱ ይባርካሉ፤ ሙሴው ማኅበሩን ይመራል። መጨረሻ ላይ ጽዋው፣ ያ በጨርቅ የተሸፈነው ማሰሮ፣ ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። ተረኛዋ አደግድጋ ትቀበላለች። በእልልታ ትሸኛለች። ጽዋው ወሩን ሙሉ እሷ ቤት ያድራል። የተጣላ ሰው ካለ ጽዋው ሳይነሣ ይታረቃል። የታመመ ካለ ይጠየቃል። አንድ ሰው «ማኅበርተኛዬ ናት» ካለ ከዘመድ አያንስም።

እናቴ ስታርፍ ቦታዋ ለእኔ ተሰጠ። ወጉ ነው። አሥራ ሁለት ነበርን፤ ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ ተራ ይደርሰኛል። የእኔ ወር ኅዳር ነበር። ስድስት ዓመት በኅዳር አውጥቻለሁ።

ያን ጊዜ ከጓደኛዬ ጋር በአንድ ቤት ነበር የምንኖረው። ያችውላችሁ፣ ዛሬም ጓዳ ናት፤ ይህን የሚሸታችሁን ቡና የምትቆላው እሷ ናት። ሰው መጀመሪያ «ደባሎች ናቸው» ይል ነበር። ቆይቶ «እህትማማች ሆኑ» አለ። ከዚያ ወሬ ገባ። ማን እንደጀመረው እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።

የጥቅምት ኪዳነ ምሕረት ነበር። ጸሎቱ አለቀ። ሙሴው ጽዋውን አነሣ። የሚቀጥለው ተረኛ እኔ ነኝ። ተነሣሁ። ነጠላዬን አደገደግሁ። እጄን ዘረጋሁ። ሙሴው ወደ እኔ መጣ። አጠገቤ ሲደርስ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ጽዋው በፊቴ አለፈ። የጨርቁ ጫፍ ጣቴን ነካው። ከእኔ ቀጥላ ለተቀመጠችው ሴት ተሰጠ። እልል ተባለ። ደከም ያለ እልልታ ነበር፤ አንዳንዶቹ አፍረዋል።

እኔ እጄን እንደዘረጋሁ ቀረሁ። የተዘረጋ እጅ ባዶውን ሲቀር የት እንደሚያደርጉት ታውቃላችሁ? እኔ አላወቅሁም። ጎንበስ ብዬ ከመሬት አንዲት ቄጠማ አነሣሁ። ለእሷ የጎነበስኩ መስዬ። ያቺን ቄጠማ ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ለጓደኛዬ ነገርኳት። አላለቀሰችም። «ጌሾ አለን?» አለችኝ።

«ምን ሊሆንሽ?»

«ኅዳር 16 ያንቺ ተራ ነው። እንጠምቃለን።»

ጠመቅን። ጌሾ ወቀጥን፣ ብቅል አስፈጨን፣ አሻሮ ቆላን። ጋኑን በግራዋ አጥበን በወይራ አጠንን። ዳቦውን በኮባ ደፋን። ቀኑ ደረሰ። ቄጠማ ጎዝጉዘን በሩን ከፈትን። ማንም አልመጣም። ከማዶ ቤት እልልታ ይሰማናል። ዳቦው ሳይቆረስ፣ ጠላው ሳይቀዳ ጨለመ። ጎረቤት ሁሉ እልል የሚልበትን ቀን በሩን ከፍታችሁ ስትጠብቁ የሚሰማችሁን ለጠላቴም አልመኝም።

ከብቱ ገብቶ፣ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ በጓሮ በኩል ኮሽ አለ። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት አሮጊት ናቸው። እሳቸውም ማኅበርተኛ ናቸው፤ ቀን እዚያ ነበሩ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ገቡ። ተቀመጡ። «ዳቦው ምነው ሳይቆረስ?» አሉ። ቢላዋ አመጣሁ። አማትበው ቆረሱ። ጠላ ቀዳሁላቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ዋንጫውን በሁለት እጃቸው ነው የያዙት። ጠጡና ለእኔ አቀበሉኝ። እኔ ለጓደኛዬ። አንድ ዋንጫ ለሦስት። ከዚያ «ኪዳነ ምሕረት የማንም የግል አይደለችም፣ ልጄ» አሉ። ሌላ ምንም አልተናገሩም። በመጡበት በጓሮ ሄዱ።

ማኅበራችን የተጀመረው ያን ማታ ነው። ባሕር ዳር አይደለም የተጀመረው። በጓሮ በር ነው የተጀመረው። ነፍሳቸውን ይማርልን፤ አሁን በሕይወት የሉም።

ዘጌ ሄዳችሁ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ያያችሁ አላችሁ? ከዚህ በጀልባ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ እዚያ ጀልባው ላይ ተቀምጬ ወንዶቹ እስኪመለሱ ጠብቄ አውቃለሁ። ዑራ ግን እንገባለን። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። በላዔ ሰብም አለ። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። 78 ነፍስ የበላ ሰው ነው። መንገድ ላይ በቁስል የተመታ፣ በጥም የሚቃጠል ድሃ አገኘ። ድሃው በእግዚአብሔር ስም ለመነው፤ እምቢ አለ። በመጨረሻ «ስለ እመቤቴ ማርያም» ሲለው ልቡ ራደ። ጥርኝ ውሃ ሰጠው። ሲሞት ሚዛን ቀረበ። በአንድ ወገን 78 ነፍስ፣ በሌላ ወገን ያቺ ጥርኝ ውሃ። ውሃዋ መዘነች።

አንዳንድ ደግ ሰዎች ስለ እኛ ሲነሣ ይህን ያመጣሉ። «በላዔ ሰብ እንኳ ተምሯል፤ እነሱም ይማራሉ» ይላሉ። ለበጎ ብለው ነው፤ አውቃለሁ። ግን አልቀበለውም። እኛ ሰው አልበላንም። ማንንም አልበላንም! በዚያ ሥዕል ውስጥ እኔን ፈልጉኝ ብትባሉ፣ መንገድ ዳር ተቀምጬ ውሃ የምለምነው እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ስለ በላዔ ሰብ መዳን ያወራል። የዚያ ድሃ ጉሮሮ ረጠበ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም። እሱ ባይለምን ኖሮ በላዔ ሰብ በምን ይድን ነበር? ጎረቤቴ እኔን ሊያድኑ አይደለም በጓሮ የመጡት። ጠላዬ ሊደፋ ነው ብለው ነው የመጡት። ጥሜ ታያቸው።

ቆይቶ ወደዚህ ከተማ መጣን። አንድ ልጅ አገኘን፤ ከቤት ተባሮ መናኸሪያ የሚያድር። ከእሱ ጋር ሁለት ተጨመሩ። በወር አንድ ቀን እንገናኝ ተባባልን። ከእናቴ ማኅበር የወሰድነው ተራውን ነው። ተራ ትልቅ ነገር ነው። ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ የሆነ ሰው ይጎብጣል። ቤት የሌለው ልጅ እንኳ በተራው ቀን የሰው ቤት ተውሶ ያወጣል፤ ያን ቀን ባለቤት ነው። ጠላውን በውሃና በቡና ተካነው። ሙስሊም ወንድም እህቶቻችን ከአንዱ ዋንጫ ሳይጠጡ ሊቀሩ ነው እንዴ? አይሆንም። አንዱን ውሃ ሁላችን እንጠጣለን። አዲስ የመጣችሁ እንዳትደናገሩ፣ ይህ ቁርባን አይደለም። ቅስና የለንም፤ ቅስናም አንጫወትበትም። ውሃ ነው። ሁሉም በየእምነቱ ይጸልይበታል። እምነት የሌለው ዝም ብሎ ይጠጣል፤ እሱም ተራ አለው።

እኛ ብቻ ነን ብላችሁ ደግሞ እንዳታስቡ። አሜሪካዊው ትሮይ ፔሪ ሰባኪ ነበር። ወንድ በመውደዱ ከቤተ ክርስቲያኑ ተባረረ። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 6፣ 1968 ሎስ አንጀለስ አጠገብ ሳሎኑ ውስጥ ሰው ለጸሎት ጠራ። 12 ሰው መጣ። የእናቴን ማኅበር ያህል! ዛሬ ያ ቤተ ክርስቲያን በብዙ አገር አለ። ሌጎስ ውስጥ ቄስ ጂዴ ማኮሌይ በ2006 እንዲሁ ጀመሩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን አገር ጥለው መውጣት ግድ ሆነባቸው። ደቡብ አፍሪካ ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ፣ እነዚህን ሰዎች የሚጠላ መንግሥተ ሰማያት ካለ እኔ አልገባም ብለው በአደባባይ ተናገሩ። በ2013 ነው፤ እሳቸው ነበሩ እንግዲህ፣ ያን ሁሉ ዘመን ከአፓርታይድ ጋር የታገሉት።

ስለ ኢማም ሙህሲን ሄንድሪክስ ግን ትንሽ ልቆይ። ኬፕታውን ውስጥ እንደ እኛ ላሉ ሙስሊሞች መስጊድ ከፍቷል። ስሙ ጉርባ ከሚል ቃል የወጣ ነው፤ ባይተዋርነት ማለት ነው። የባይተዋሮች መስጊድ። ባይተዋር የሚለውን ቃል ከእኛ በላይ የሚያውቀው ማን አለ? በፌብሩዋሪ 15፣ 2025 መኪና ውስጥ እንደተቀመጠ በጥይት ገደሉት። የዚያን ወር ተረኛው ሙስሊም ወንድማችን ነበር። ቡናው ከመቀዳቱ በፊት ቁርአን ቀራለት። ሁላችንም ቆምን። አረብኛ የሚያውቅ ከእኛ ውስጥ እሱ ብቻ ነው። ግን የለቀስተኛ ዜማ ሁሉም ሰው ያውቃል። ያለቀስነው በዜማው ነው።

ሦስተኛው። አደራ።

ግሽ ዓባይን የማያውቅ ጎጃሜ የለም። ሰከላ። የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ጸበል። አባቶች የሚሉት እንዲህ ነው። ጻድቁ ሊያስሯቸው ሲመጡባቸው መጻሕፍቶቻቸውን ለውሃው አደራ ሰጡ። ከእስር ተፈትተው ሲመለሱ ምንጩ ላይ ቆመው ዓባይን አደራዬን መልስ አሉት። ውሃው መጻሕፍቱን አወጣ። አንዱም አልረጠበም። ግሽ የሚለው ስም ከዚያ መጣ ይባላል።

ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ የሚገርመኝ ተአምሩ ነበር። አሁን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ጻድቁ አደራ የሰጡት ለማን ነው? ለውሃ። የውሃ ጠባዩ ማርጠብ ነው። ያገኘውን ሁሉ ያረጥባል። አደራ ሲሆን ግን ጠባዩን ገታ።

የአፍም ጠባዩ መናገር ነው። እናንተ እርስ በርሳችሁ መጻሕፍት ናችሁ። ይህ ልጅ ስሙን፣ ሰፈሩን፣ የእናቱን ሕመም፣ የሚወደውን ሰው አምጥቶ እዚህ ምንጣፍ ላይ አስቀምጧል። በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 አለ፤ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ወንጀል ያደርጋል። እስር አለበት። በ2015 ክረምት ማኅበራዊ ሚዲያው ላይ ምን ሲባል እንደነበር አይታችኋል። የሰው ፎቶ እየለጠፉ «ይህን የምታውቁት ተባበሩን» ሲሉ ነበር። ከመሃላችን ያን ጊዜ የሄዱ አሉ። የት እንዳሉ አልናገርም። ያን ሰሞን ማኅበሩን የጠጣነው ሦስት ሰው ሆነን ነው። ተራው ግን አልተቋረጠም።

ስለዚህ በሩ ላይ ያቺ ሞሰብ ያለችው ለጌጥ አይደለም። ስልክ እዚያ ይገባል። ልደትም ቢሆን ፎቶ የለም። አዲስ ሰው ሲመጣ በፊት ለሁላችንም ይነገራል፤ አንድ ሰው እንኳ ልቡ ካልፈቀደ ይቆያል። ስንወጣ አንድ አንድ እየሆንን ነው። ቤተሰብ አስጨንቆት ያገባ ወንድም ቢኖር፣ ሚስቱ ጋ ሄዶ «እውነቱን ልንገርሽ» የሚል ከእኛ ወገን እንዳይገኝ። የራሱን ነገር የሚናገረው ራሱ ነው። በራሱ ቀን፣ በራሱ አፍ።

አንድ ልጅ ነበረን። በስልክ የተዋወቀው ሰው ፎቶውን ይዞ «ብር አምጣ፣ አለዚያ ለአባትህ እልካለሁ» እያለ ሰባት ወር በላው። ሰባት ወር ሙሉ እዚህ ተቀምጦ ከዋንጫው ሲጠጣ አልነገረንም። ለምን? ይፈርዱብኛል ብሎ። «ማን ስልክ ላይ ተዋወቅ አለህ» እንለዋለን ብሎ። ይህ ዛሬም ያቃጥለኛል። የነገረን ሱሪው ሰፍቶት፣ ከስቶ፣ ጓደኛዬ «አንተ ልጅ ትበላለህ ወይ?» ስትለው ነው። ስለዚህ አደራ ሁለት ወገን አለው። የሰማችሁትን ያዙ። ደግሞ የምታስቀምጡትን አምጡ። ብቻችሁን አትሸከሙት። ባካችሁ፣ ባካችሁ፣ ስትያዙ ቀድማችሁ ንገሩን። የማንም ወቀሳ አይኖርም። ይህን ቃል የምገባላችሁ ጓዳ ካለችው ጋር ተማክሬ ነው።

በሉ፣ ቡናው ደረሰ። ከዚያ በፊት ጽዋውን ላስረክብ።

የሚቀጥለው ተረኛ፣ ና ወንድሜ። አዎ፣ አንተ ነህ። ባለፈው «ክፍሌ ጠባብ ነው፣ ወንበር የለኝም» ብለሃል። አልጋህ ላይ እንቀመጣለን። መሬትም አለ። ዳቦ መግዛት ካቃተህ ቆሎ ይበቃል፤ ቆሎም ካጣህ ውሃው አለ።

ማሰሮው ጠርዙ ላይ ትንሽ ተሸርፏል፤ እንዳይቆርጥህ በዚህ በኩል ያዘው። ጨርቁ የእናቴ ነጠላ ነው። ጥለቱ ሊለቅ ስለሆነ በእጅህ እጠበው፤ በላርጎ አትዘፍዝፈው፤ ፀሐይ ላይ አታስጣው።

እናንተ፣ እልልታው ቀስ ተብሎ። ጎረቤት አለ።

እጅህን ዘርጋ። ሁለቱንም። አትፍራ፤ አያልፍህም። ይዘኸዋል? ልልቀቀው?